የአካሉ ክንድ ልክ

አልተኛችም። ትናንትም አልተኛች፣ ከትናንት ወዲያም። ዐይኗን ከድና ትጋደማለች እንጂ እንቅልፍ የሚባለው ነገር እንጦጦን ሲወጣ ዳገቱ መሀል ደክሞት የቀረ ይመስላል፤ እና አሁን ሰማዩ ገርጥቶ የጥዱ ጫፍ መታየት ሲጀምር፣ ውርጩ በጎጆው ክፈፍ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ፣ የማርያምወርቅ ግራ እጇን ከጋቢው አውጥታ ታየዋለች። እጇ ላይ የክንድ ሹራብ አለ። አንድ ብቻ። ከጣቶቿ ሥር ተነሥቶ ክርኗ ድረስ የሚወጣ፣ ጣት የሌለው፣ ለአውራ ጣት ቀዳዳ ብቻ የተተወለት፣ ነጭና ጥቁር የበግ ጠጉር ተጠላልፎ የዓሣ አጥንት ጥለት የወጣበት። የእሷ አይደለም። የአካሉ ነው። እህቷ የሺመቤት ከደንቢያ ለባሏ ለአካሉ ሠርታ የላከችው ነው፤ አካሉ ደግሞ ከሞተ አምስት ክረምት አልፎታል፤ የሺመቤት ግን አታውቅም፣ ከየት ታውቃለች፣ ይህን ሁሉ ዘመን «ደኅና ነው» እያለች የላከችባት የገዛ እህቷ ናት፣ ይህችው ጋቢ ውስጥ ተኮራምታ የሙት ሹራብ ለብሳ የምትሞቀው ሴት።

«ልለብሰው አልነበረም እኮ» ትላለች ለራሷ። «ታዲያ እጅሽ ብቻውን ገባ?» ትላለች መልሳ። እንዲህ ነው የምትኖረው። ደንቢያ ሳለች የምትጨቃጨቀው ከእህቷ ጋር ነበር፤ የሰው አገር ከመጣች ወዲህ ለጠብ የሚበቃ ሰው ስላጣች የሁለቱንም ወገን ራሷ ትናገራለች፣ ብዙውን ጊዜም ትሸነፋለች። ሹራቡን ሦስት ሳምንት ቅርጫት ውስጥ ከድናው ነበር። ሊነጋጋ ሲል ግን ብርዱ በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ገባና ያቺን በልጅነቷ የተሰበረች የግራ እጇን አንጓ፣ ወጌሻ አጣሞ የጠገናትን፣ እንደ አይጥ ይቆረጥማት ጀመር። እና ለበሰችው። ለበሰችውና ሞቃት። ይህ ነው ያናደዳት፣ መሞቁ። ብርዱ ቢያንገላታት ኖሮ ኃጢአቷ የሚቀል ይመስላት ነበር።

ነገ ማለዳ ከበበ ይነሣል። ከበበ በዓመት አንድ ጊዜ ከጎንደር ሸዋ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ ዓባይ ሲጎድል ይመጣል፣ ጥምቀት ሲያልፍ ይመለሳል፤ በቅሎዎቹን ከየካ በታች ሾላው ሥር ያሰፍርና ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ከአገሩ ለወጣ ሰው ሁሉ የአገሩን ቃል ያድላል። መልእክት ሲናገር ዐይኑን ይጨፍናል። ዐይኑን ከገለጠ ከራሱ የሚጨምር ይመስለዋል። በገና ዋዜማ እዚህ ደጃፍ፣ እዚህ ግንድ ላይ ተቀምጦ፣ ሹራቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፈነ።

«ይድረስ ለአካሉ» አለ።

«ከበበ» አለችው።

«አታቋርጪኝ፣ ይጠፋብኛል። ይድረስ ለአካሉ። እንደምን ሰነበትህ...»

«አንተ ሰውዬ፣ አካሉ መሞቱን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ለማን ነው የምትናገረው?»

«ለአካሉ ንገር ተባልኩ፣ ለአካሉ እናገራለሁ። አንቺ ከፈለግሽ ስሚ፣ ካልፈለግሽ ጆሮሽን ድፈኚ። እንደምን ሰነበትህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የእንጦጦ ብርድ ክፉ ነው ሲሉ ሰማሁ። አናጺ ጣቱን ሸፍኖ መጥረቢያ አይጨብጥም ብዬ ጣት የሌለው የክንድ ሹራብ ሠራሁልህ። አንዱን በግምት ነው የሠራሁት፤ የክንድህ ልክ ጠፍቶብኛል። የማርያምወርቅ ለብሰኸው ትየውና፣ ክንድህን በክር ለክታ፣ ልኩ ላይ ቋጥራ ትላክልኝ። ሁለተኛውን በዚያ ልክ እሠራለሁ።» ዐይኑን ገለጠ። «ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለው። ቃል እሺ። ቃል ከአፍ ይወጣል፤ «ደኅና ነው» ለማለት ምላስ ይበቃል። ክንድ ግን ከየት ይመጣል?

ያን ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስትመጣ እኮ ለውሸት አልመጣችም። የመጣችው አካሉን ፍለጋ ነው። አካሉ እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፣ ግቢ ይሠራል ሲባል ሰምቶ መሣሪያውን በአህያ ጭኖ ሄደ፤ አንድ ዓመት ቆየ፣ ሁለት ዓመት ቆየ፣ ወሬው ጠፋ። የሺመቤት እግሯን ይዛ ለመነቻት። «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምላስሽ ደግሞ ከማንም አያንስ፤ ሄደሽ ፈልጊልኝ። ካገኘሽው ጎትተሽ አምጪው። ሚስት አግብቶም ከሆነ ከነሚስቱ አምጪው፣ እዚሁ እንጣላለን።» ሁለት ወር በእግሯ መጣች። እንጦጦ ደርሳ ደግሞ ሦስት ቀን ደጅ ቆመች፤ እዚህ አገር ማን ነሽ አይሉም፣ የማን ነሽ ነው የሚሉት፤ የማንም አይደለሁም ስትል እንደ እብድ ያዩዋታል፤ የትኛው በር ላይ መቀመጥ ነውር እንደሆነ፣ ማን ሲያልፍ ነጠላ እንደሚታጠቁ የሚነግራት የለም፤ አንዱ አጋፋሪ ይገፋታል፣ ሌላው ይስቅባታል፣ እሷም ትሳደባለች፣ ስድቧ የጎንደር ስለሆነ ግማሹ አይገባቸውም። በሦስተኛው ቀን የአናጺዎቹ አለቃ ስሙን ሲሰሙ ተነሡ። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ወስደው፣ ጥዱ ሥር፣ ሦስት ድንጋይ የተከመረበት አፈር አሳዩዋት። «ውጋት ነው» አሏት። «ብርዱ ጎኑ ገባ። በአራተኛው ቀን ዐረፈ። መልካም እጅ ነበረው።» መልካም እጅ። አሁንም፣ ይኸው አሁንም፣ በዚህ የንጋት ጭጋግ ውስጥ አለቃው እየሄዱ ነው፣ እሷም ከኋላቸው እየተከተለች ነው፣ ጥዱም ገና አልተደረሰበትም፣ እግሯ ትንሽ ቢዘገይ አካሉ ትንሽ ይቆይ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አይደለም፣ በማግሥቱ ነው ለከበበ የነገረችው። «ሞቷል በልልኝ» አለችው።

ከበበ ሸምቀቆ እንዳየ በቅሎ ወደኋላ አለ። «እኔ ጨውና በርበሬ ነው የምጭነው። መርዶ አልጭንም።»

«አፍህ ምን ይከብደዋል?»

«እቴ፣ አስቢ እንጂ! ነጋዴ በጠራራ ፀሐይ በቅሎ እየነዳ ደጃፏ ቆሞ ባልሽ ሞቷል ይላታል? ማን ይይዛታል? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሳይቆም፣ ጎህ ሳይቀድ! ጠላት እንኳ እንዲህ አይረዳም።»

«ታዲያ ምን ትላታለህ? እንደደረስክ ትጠይቅሃለች።»

«ደኅና ነው እላታለሁ። ደኅና ነው ማለት ማንን ገድሎ ያውቃል? አንቺ በሚመጣው ዓመት ትሄጂና በወጉ፣ በማለዳ፣ ሰው ሰብስበሽ ታረጃታለሽ።»

ልክ ነበር፣ ያ ነው ክፋቱ። ማንም ሰው እንዲሁ ይል ነበር፣ እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን እንዲሁ ትል ነበር። መርዶ የዘመድ ነው፤ በሩቅ መንገድ በሰው አፍ አይላክም። ስለዚህ አንድ ዓመት ብቻ ደኅና እንዲሆን ተስማሙ። በሚመጣው ዓመት ንዳድ ያዛት፣ ሦስት ወር ተኛች። በሁለተኛው መንገዱ ተዘጋ ተባለ። በሦስተኛው ዝናቡ ቀድሞ ገባ አለች፣ አልገባም ነበር። በአራተኛው ምክንያት ሁሉ አለቀባትና ዝም ብላ ቀረች። በየዓመቱ ደግሞ አካሉ ደኅና ነው፤ ደኅና ብቻ አይደለም፣ እየተሻሻለ ሄደ! አንድ ጊዜ የማር ቅል ላከ። አንድ ጊዜ «ዐይንሽን እንዴት አደረገሽ» ብሎ ጠየቀ። ባለፈው ዓመት የመንዝ ጥቁር የበግ ጠጉር፣ ያውም የተፈተለ፣ ሁለት ድውር ላከላት። አካሉ! በሕይወት ሳለ ሚስቱ ታማ ተኝታ «እራቱስ?» ያለ ሰው! የማርያምወርቅ እየዋሸች ባል አረመችለት፤ ሙቱ አካሉ ከሕያው አካሉ እጅግ የተሻለ ባል ሆነ፣ አሁን ቢሞት የሚያስለቅስ። እና የሺመቤት ያንን ጥቁር ጠጉር ተቀብላ፣ ነጩን ከራሷ ጨምራ፣ መልሳ ሹራብ አድርጋ ላከችው። ክሩ አገር ዞሮ የዋሸችው ሴት ክንድ ላይ ተጠመጠመ።

በጭጋጉ ውስጥ ደወል ይሰማል። ምን ላይ ነበርኩ፣ ትላለች። መርዶ ላይ። ሰው ባሏ መሞቱን ሳትረዳ ጠጉሯን አትላጭም፣ ደረቷን አትመታም፣ ተዝካር አታወጣም፣ ሌላ ሰው ቢጠይቃት እሺ አትልም። የሺመቤት ስትለያት ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን ሠላሳ ስምንት። አሁን ልክ የተቋጠረበት ክር ቢላክላት ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ትሆናለች፣ በዚያ ልክ ሁለተኛውን ትሠራለች፣ ከዚያ ደግሞ ምን ትጠይቅ ይሆን፣ የእግሩን ልክ፣ የአንገቱን ልክ፣ እንዲህ እንዲህ እያለች የሌለ ሰው ከጠጉር ክር ሠርታ ትጨርሳለች፤ የማርያምወርቅ ካልሄደች ማቆሚያ የለውም። ብትሄድስ? አምስት ዓመት ያታለለቻት እህቷ በራፍ ላይ ቆማ ምን ትላለች? የምትፈራው ጅብ አይደለም፣ ሽፍታ አይደለም፣ ዓባይም አይደለም። የሺመቤት ፊት ነው። ያ ፊት ሲዞርባት ማየት ነው።

ይህን የሹራብ ሥራ ሁለቱም የተማሩት እዚያው ደንቢያ፣ ጀንዳ ነው፣ ከአንዲት የፈረንጅ ሚስት። ሴትዮዋ ጫፏ የተቆለመመ የአጥንት መርፌ ይዛ በራፏ ላይ ስትቀመጥ እነሱ ውኃ ለመቅዳት ብለው ይሄዱና ማድጋውን ረስተው ያዩዋት ነበር። ኪሮሽ ትለዋለች። ሽመና አይደለም፣ ድርና ማግ የለውም፤ አንድ ክር ነው፣ አንዱ ቀለበት ከሌላው ሆድ እየተወለደ የሚሄድ። የየማርያምወርቅ እጅ ጥብቅ ነው፣ ሥራዋ ቆርቆሮ ይመስላል፤ የየሺመቤት እጅ የላላ፣ ለስላሳ፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያኖሯቸው ዕውርም ይለያቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ራሴ ሠርቼ አካሉ ለብሶታል ልበል ብትል እንኳ አይሆንላትም። ሌላው ልዩነት ቆጠራ ነው። የማርያምወርቅ ትሳሳታለች፣ ስትሳሳት ትደብቃለች፣ አንድ ቀለበት ሰርቃ ወይም ጨምራ ታልፋለች። የሺመቤት ግን ከሃምሳኛው ዙር ላይ ሆና በሦስተኛው ላይ አንድ ቀለበት እንደጎደለ ካወቀች ሁሉንም ትተረትራለች። «ማን ያይብሻል?» ብትባል «እኔ» ትላለች። ከመተርተር በቀር ቂም አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የበደለቻት፣ ልጆች ሆነው፣ ማሽላ ሲጠብቁ፣ ማማው ላይ ተጣልተው ገፋቻት፤ ያን ጊዜ ነው ይህች አንጓ የተሰበረችው። የሺመቤት ዕድሜዋን ሙሉ ያቺን አንጓ ስታይ ዐይኗን ትሰብራለች።

ፀሐይ ጥዱን ለቃ ስትወጣ የማርያምወርቅ ሹራቡን አውልቃ፣ አንድ ክር በጣቷ ጠምጥማ፣ ወደ ጎረቤት ወረደች። ቆርጣለች። ትለካለች። የአካሉን ክንድ ባታገኝ አናጺ የሚያህል ክንድ ያለው ሰው አለ፤ ዱጋሳ፣ ግንድ ሲፈልጥ እንጦጦ የሚሰማው። ዱጋሳ ከሚስቱ ከጂቱ ጋር የዚህ ኮረብታ ተወላጅ ነው፤ እሷ ስትመጣ ጎጆ የቀለሱላት እነሱ ናቸው፤ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ሆኖ ለእሷ ሲሉ በአማርኛ ይጣላሉ። ዱጋሳ ደጁ ላይ ጥድ ይፈልጣል። ጂቱ ገብስ ታበጥራለች።

«ዱጋሳ፣ ክንድህን አውሰኝ» አለችው።

«መቼ ትመልሺዋለሽ?» አለ ዱጋሳ።

«ኧረ ደንቢዬ!» አለች ጂቱ፣ እንደ ልማዷ በአገሯ ስም ጠርታት፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ። «ባሌን ትለኪዋለሽ? ለሠርግ ነው ለከፈን? ለከፈን ከሆነ ቁመቱን ነው የምትለኪው።»

«ለሹራብ ነው፣ አንቺ ምላሰኛ።»

«ለእሱ? የእኔ ክንድስ ግንድ ነው አይበርደውም?»

ዱጋሳ እጁን ዘረጋላት፣ ሹራቡን አጠለቀችለት። ጣቶቹ ገቡ፣ መዳፉ ላይ ደርሶ ቀረ። ሳበችው፣ አልሄደም። እሱም እንደ ጥጃ ዝም ብሎ ቆሞላታል። «ተይው ይቀደዳል» አለ። «ይህ የሕፃን ነው።»

«የሰው ነው፣ የትልቅ ሰው» አለች፤ ላቧ መጣ። «በግምት የተሠራ ነው።»

«የማን?» አለች ጂቱ።

«የአካሉ።» ከአፏ አመለጠ። አምስት ዓመት ስሙን ስትጠራው ኖራ ሁልጊዜም «ደኅና» የሚል ቃል ይከተለው ስለነበር፣ ብቻውን ሲወጣ እሷም ደነገጠች።

ጂቱ ሰፌዱን አስቀመጠች። «የትኛው አካሉ? ያ ጥዱ ሥር ያለው አናጺ? ዱጋሳ መቃብሩን የቆፈረለት?»

የማርያምወርቅ ሹራቡን ከዱጋሳ ጣቶች መልሳ አወጣችው።

«ደንቢዬ። የሞተ ሰው ትለኪያለሽ?»

እና እዚያው ገብሱ አጠገብ ተቀምጣ ነገረቻቸው፤ ከበበን፣ ደኅና ነውን፣ የማሩን ቅል፣ ሁሉን። ሳትተነፍስ ነገረቻቸው። ዱጋሳ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለና ራቅ ብሎ ቆመ፣ የሴት ነገር ነው ብሎ ሳይሆን ማልቀስ ስለመጣበት። ጂቱ አላለቀሰችም። ጂቱ ሹራቡን አገላብጣ ታየዋለች።

«አንቺ ዋሽተሻል፣ እሺ» አለች። «ይህች እህትሽ ግን የባሏን ክንድ እንዲህ የረሳች ሴት ናት? እኔ ዱጋሳ ቢሞትብኝ፣ ተው ዱጋሳ ምሳሌ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍ ክንዱ የሚያርፍበትን ትከሻዬን ዳብሼ ልኩን እነግርሻለሁ።»

«በግምት ነው ብላለች እኮ።»

«ስትመጪ ለብሰሽው ነበር፣ አይደል? ጥለቱ ክንድሽ ላይ ታትሟል። እስቲ መልሰሽ ልበሺው።»

ለበሰችው። ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ፣ አንድ ቦታ ሳይጨማደድ፣ አንድ ቦታ ሳይጠብ፣ ውኃ እንደፈሰሰበት ሆኖ ተቀመጠ። ጂቱ ጣቷን ከአውራ ጣቱ ቀዳዳ በላይ እያስኬደች ሄደችና አንጓው ላይ ቆመች። እዚያ፣ በውጭው በኩል፣ ሹራቡ ትንሽ ያብጣል። የዓሣ አጥንቱ ጥለት በሁለት መሥመር ተከፍቶ እንደገና ይገጥማል። የማርያምወርቅ ከንጋት ጀምሮ በጣቷ ስትነካት የቆየቻት ስህተት ናት፤ የሺመቤት ዐይኗ ደክሞ፣ አንቀላፍታ፣ ስምንት ቀለበት ጨምራለች ብላ ያለፈቻት።

«ይህች ጉብታ የማን ናት?» አለች ጂቱ።

የማርያምወርቅ አየቻት። ከውስጥ ያ ወጌሻ ያጣመመው አጥንት አለ። ከላይ ስምንት ቀለበት፣ አንድም ሳይተርፍ አንድም ሳይጎድል፣ ሸፍነውታል።

የሺመቤት አትሳሳትም።

ጭጋጉ ተመልሶ መጣ፣ ወይም እሷ ናት ወደ ጭጋጉ የገባችው፤ እንዴት ወደ ጎጆዋ እንደወጣች አታውቅም፣ ዳገቱ ከእግሯ በታች እንደ ጥጥ ነው። ደንቢያ ትታያታለች። የሺመቤት በራፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሐይቁ ከኋላዋ ያበራል፣ ጥቁሩን ክር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሸተዋለች። አካሉ ክር አይልክም። አካሉ ዐይኔን አይጠይቅም። ስንተኛው ዓመት ላይ ነው ያወቅሽው እህቴ፣ በማሩ ነው፣ ከማሩ በፊት ነው? መርፌውን ታነሣለች። ባሏን አትለካም። ዐይኗን ጨፍና፣ እንደ ከበበ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ከማማው ላይ የገፋቻትን ልጅ ክንድ ትለካለች፤ አንጓው ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ስምንት ትጨምራለች። ከዚያ ለነጋዴው ትነግረዋለች፣ ለአካሉ ነው በል። ሞቷል አትልም፣ አላረዷትምና ማለት አትችልም፤ አውቄያለሁም አትልም፣ አውቄያለሁ ብላ ብትልክ እህቷን ውሸታም ማለት ነው፣ ያውም በነጋዴ አፍ። የተከለከለችውን ሁሉ ትታ አንድ ጥያቄ ብቻ ላከች፤ ልኩን ላኪልኝ። ይህ ሁሉ ርኅራኄ ነው እንግዲህ፣ ትላለች የማርያምወርቅ፣ አሁን ደግሞ በርኅራኄ ተቃጠይ። ወዲያው ግን ከርኅራኄው በታች ያለው ነገር ደረሰባት፣ እግሯም ቆመ። የሺመቤት ታውቃለች፣ ግን አላለቀሰችም። ሁለት ዓመት ይሁን ሦስት፣ አውቃ፣ ከጎረቤት ጋር እየሳቀች፣ በዓል ሲሆን ጠጉሯን እየተሠራች፣ ዕንባዋን ጨብጣ ተቀምጣለች፤ መጥቶ «አልቅሺ» የሚላት ዘመድ ስለሌለ። ያለችው ዘመድ አንድ ናት። እሷም እንጦጦ ላይ ትሞቃለች።

ክሩን ከጣቷ ፈታችው። ምንም አልቋጠረችበትም፤ የጋቢዋ ማሰሪያ አደረገችው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሾላው ሥር ስትደርስ ከበበ የመጨረሻዋን በቅሎ እየጫነ ነው። ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን አየ፤ የአካሉ መሮና ኩታ፣ አለቃው ያን ጊዜ የሰጧት፣ ለቅሶ ላይ የሚዘረጋ። ጂቱ ያሰረችላት በሶም አለ። ከበበ ከሁሉም በፊት መሮውን ነው ያየው።

«አይሆንም» አለ። «ነግሬሻለሁ። መርዶ አልጭንም።»

«ማን ጫነኝ አለህ? በእግሬ ነው የምሄደው። አንተ ፊት ፊት ሂድ፣ መርዶው ከኋላ ይመጣል።»

«በቅሎዎቼ ይደነብራሉ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ውሸት ስትጭንባቸው አልደነበሩም።»

ከበበ የጭነቱን ገመድ አጠበቀ። ሽማግሌ ሆኗል፣ አሁን ነው ያየችው፤ ቅንድቡ ላይ ውርጭ ያለ ይመስላል።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። «መልእክት አይደለም፣ ዐይንህን አትጨፍን። መቼ ይመጣል ትልሃለች?»

«ማን?»

«አትቀልድብኝ።»

ከበበ ወደ ተራራው አየ። «በፊት ትል ነበር» አለ። «እስከ ማሩ ጊዜ ድረስ ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ትታዋለች።»

«እና ምን ትልሃለች?»

«አንቺን ነው የምትጠይቀኝ። ጋቢ አላት ወይ፣ እሳት የሚያነድላት አለ ወይ፣ ያ አንጓዋ ብርድ ሲሆን ያማታል ወይ። እኔ...» አለና አቆመ። «እኔ ደኅና ናት እላታለሁ።»

«አሁንም ቀድመኸኝ ብትደርስ ደኅና ናት በላት» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንዳሰበችው ስለታም አልሆነላትም። «አንድ ቃል አትጨምር።»

ከበበ ወደ በቅሎዎቹ ዞረ። ግን ፊተኛዋን በቅሎ ሲነዳ ቀስ ብሎ ነው የነዳት፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው እንዲደርስበት አድርጎ። እንጦጦን ወጥተው በጀርባው በኩል ወረዱ። የማርያምወርቅ ከኋላ ትሄዳለች፤ አንድ ክንዷ ሞቋል፣ አንዱ በርዶታል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል። መርዶውን ትለማመዳለች። የሺመቤት እህቴ፣ ብላ ትጀምራለች፤ ምላሷ ልምድ ሆኖበት «ደኅና» ላይ ይወድቃል፤ ትመለሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። በስንተኛው እርምጃ ላይ እንደሆነ አታውቅም፣ ቃሉ ሳይወላገድ ወጣ። ሞቷል። በጭጋጉ ውስጥ ማንም አልሰማትም፣ ኋለኛዋ በቅሎ ጆሮዋን ብቻ አቆመች እንጂ አልደነበረችም።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ከበበ ከነጭነቱ ሲፈተሽ አንድ ወጣት በረኛ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ የሚንቀጠቀጥ፣ ወደ እሷ መጣ።

«አንቺስ የማን ነሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበራት። «የየሺመቤት» አለች። «የእህቴ።»

«ምን ይዘሻል?»

«መርዶ።»

በረኛው መሮውን አየ፣ ኩታውን አየ፣ እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ነጠላውን አስተካከለ። «የማን ነው?»

«የእህቴ ባል። አናጺ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አለ በረኛው፣ ዝቅ ብሎ፤ መዝጊያውንም ግንድ አነሣላት። «መቼ ዐረፈ?»

የማርያምወርቅ መንገዱን አየችው። ሜዳው ነጭ ነው፣ ከሜዳው ወዲያ ሌላ ተራራ፣ ከዚያ ወዲያ ዓባይ፣ ከዓባይ ወዲያ ገና የማትታይ አገር፤ እዚያ አንዲት ሴት ዛሬም ጠዋት ተነሥታ፣ በወግና በሥርዓት፣ ባለ ባል ናት።

«ገና ነው» አለችው። «እኔ እስክደርስ ሁለት ወር ይቀረዋል።»

በረኛው ግንዱን እንደያዘ ቀረ። እሷ ጎንበስ ብላ አለፈች።